በሬና ጤፍ በእንግሊዝኛ «ብዙ» ሲባሉ

ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጁ የደብረ ማርቆስና የቢቸና ልጆች ይችኑ ጥያቄ ደጋግማችሁ አነሳችኋት፦ «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ» እና «ኤ ግሬት ዲል ኦፍ» ሁለቱም «ብዙ» ማለት ከሆኑ፣ ስናቀያይራቸው ለምን ስህተት ይሆናል?

አማርኛችን ቸር ስለሆነ ነው የምንደናገረው። ብዙ በሬም፣ ብዙ ጤፍም እንላለን። እንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ «ይቆጠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እስኪ አውድማ ላይ ቁሙ። በሬዎቹን አንድ፣ ሁለት ብላችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ስለዚህ «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ኦክስን»። ጤፍን ግን ፍሬ በፍሬ ማን ይቆጥረዋል? ይሰፈራል እንጂ። እሱ «ኤ ግሬት ዲል ኦፍ ቴፍ» ነው። ግሱም አብሮ ይሄዳል፦ ለበሬዎቹ «አር»፣ ለጤፉ «ኢዝ»።

ጤፉ ኩንታል ውስጥ ከገባስ? ያኔ የሚቆጠረው ኩንታሉ ነውና «ኤ ላርጅ ነምበር ኦፍ ኩዊንታልስ» ማለት ይቻላል።

በአማርኛ ስሜት ብቻ ግን አትመሩ። እኛ «ሦስት ምክሮች» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ «አድቫይስ» አይቆጠርም። «ኢንፎርሜሽን» እና «ፈርኒቸር»ም እንደዚያው።

እስካሁን ያልኩት ቁርጥ ያለ ነው። «ኤ ላርጅ አማውንት ኦፍ ፒፕል» የሚል ተናጋሪ ግን ትሰማላችሁ፤ በወሬ ያልፋል፣ ፈተና ላይ አትንኩት። «ኤ ሎት ኦፍ» ለሁለቱም ይሆናል፤ ለመደበኛ ጽሑፍ ግን የወሬ ቃና አለው።