አባ ጎርጎርዮስን የተቀበለው የጎታ መሳፍንት ቤት

የሳክስ-ጎታ መሳፍንት መካከለኛው ጀርመን ውስጥ፣ በቱሪንጊያ ምድር የገዙ የቬቲን ቤት ልጆች ናቸው። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቬቲኖች በ1485 ለሁለት ተከፈሉ። ኤርንስትና አልብሬኽት የሚባሉ ወንድማማቾች ርስቱን ተካፈሉት። የጎታዎቹ ከኤርንስት ወገን ናቸው። ማርቲን ሉተርን በቫርትቡርግ ግንብ የሸሸገው ጠቢቡ ፍሪድሪኽ የዚሁ ኤርንስት ልጅ ነው። ወገኑ በ1547 ሙልበርግ ላይ ተሸነፈና ንጉሠ ነገሥት የመምረጥ ማዕረጉን ለአልብሬኽት ወገን ለቀቀ።

በ1640 እንደገና ክፍፍል ሆነ፤ ጎታ ለቀዳማዊ ኤርንስት (1601–1675) ደረሰችው። ሰዎች «መንፈሳዊው ኤርንስት» ይሉታል፤ ስሙ ይገባዋል። አገሩ በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ደቅቃ ነበር። እሱ ግን ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ በሕግ አስገደደ። ፍሪደንሽታይን የተባለውን ቤተ መንግሥትም አሠራ፤ ትርጉሙ «የሰላም ድንጋይ» ነው።

የእኛም ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የኤርፉርቱ ተወላጅ፣ ግዕዝ አጥኚው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ሄዶ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ካባረሩ በኋላ ከአገር የወጡ። ለኢየሱሳውያኑ ቅርብ ነበሩ፤ እምነታቸው ምን ድረስ እንደተለወጠ ዛሬም ያነጋግራል። ሊቅነታቸው ግን አያከራክርም። ሉዶልፍ ግዕዝን የተማረው ከመጽሐፍ ነበር። ሕያው አንደበት ያገኘው ከእሳቸው ነው።

ሉዶልፍ ኋላ የመስፍኑ ልጆች አስተማሪ ሆነ። በ1652 መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ አስጠራቸው። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ አገሩ ጠየቃቸው። እስቲ አስቡት፤ የአማራ ሊቅ በቱሪንጊያ ግንብ ውስጥ ወንበር ስቦ ስለ አገሩ ሲያወጋ! ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥማ ሞቱ። መስፍኑ በ1663 ቫንስሌበን የተባለ ወጣት ወደ ኢትዮጵያ ቢልክም ሰውየው ከግብፅ አላለፈም።

ኤርንስት 18 ልጆች ወልዷል። ሰባቱ ወንዶች በ1680 ርስቱን ተቀራመቱት፤ ትንሿ አገር ሰባት መስፍን አወጣች። ጎታ የቀረው ለበኩሩ ለቀዳማዊ ፍሪድሪኽ ነው። እሱም ነገሩ አላማረውም መሰል፣ ግዛቱ ከእንግዲህ ለበኩር ልጅ ብቻ እንዲተላለፍ ደነገገ። ከዚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፍሪድሪኽ ተከታትለው ገዙ። የሁለተኛው ፍሪድሪኽ ልጅ አውጉስታ የእንግሊዙ ንጉሥ የሦስተኛው ጆርጅ እናት ናት። ዳግማዊ ኤርንስት (የገዛው 1772–1804) ከዋክብት መመልከቻ አሠራ። በ1825 አራተኛው ፍሪድሪኽ ያለ ወራሽ ሞተና የጎታ ወንድ ዘር ተቋረጠ።

በ1826 ጎታ ለኮቡርግ ዘመዶች ተሰጠች። ንግሥት ቪክቶሪያን ያገባው አልበርት፣ የቤልጂየሙ ንጉሥ ቀዳማዊ ሊዮፖልድ ከዚህ ቤት ናቸው። የአልበርት ወንድም፣ እሱም ዳግማዊ ኤርንስት የሚባለው፣ በ1862 በግብፅ በኩል እስከ ቦጎስ፣ ዛሬ ኤርትራ እስከሆነው ምድር ድረስ ተጉዟል። ከአልበርት የወረዱት የእንግሊዝ ነገሥታት በ1917 የቤታቸውን ስም ዊንድሰር ብለው ቀየሩ። የመጨረሻው መስፍን ካርል ኤድዋርድ በ1918 ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ኋላ ከናዚዎች ጋር ተሰለፈ። ፍሪደንሽታይን ዛሬ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ነው።