ለድሬ ፀሐይ የመስታወት ግድግዳ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለሀብት ደወለልኝ። ድሬዳዋ ላይ ባለ አምስት ፎቅ የንግድ ህንፃ ሊሠራ ነው። "አቦ ኢንጅነር፣ ፊቱን ሙሉ በሙሉ መስታወት አድርግልኝ። ዘመናዊም አረንጓዴም ይሁን" አለኝ። አረንጓዴ ሲል ኃይልና ውሃ የማያባክን ማለቱ ነው። ህንፃ መንደፍ እንጀራዬ ነው፤ ይህን ቃል ሰምቼ ሰምቼ ሰለቸኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ፣ ደንበኞች የሚሉኝን እየጠቀስኩ አንዴ ልጻፈው።

"መስታወት ብርሃን ያስገባል፤ ስለዚህ መብራት ይቆጥባል"

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ብርሃን ያስገባል፤ ግን ሙቀቱንም ይዞ ነው የሚገባው። ተራ ጥርት ያለ መስታወት ከሚመታው የፀሐይ ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። የገባው ሙቀት ወለሉንና ዕቃውን ያግላል፤ በመስታወቱ ተመልሶ መውጣት ግን ይቸግረዋል። ሰማዩ ጠራ ባለ ከሰዓት በኋላ፣ ምዕራብ ባየ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ከ500 ዋት በላይ ያርፋል። ሃያ ካሬ መስታወት ያለው ቢሮ ማለት ስምንት ባለ ሺህ ዋት ካውያ ሰክቶ እንደ መቀመጥ ነው።

እንዲህ ያለ ህንፃ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ተከራይታ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ቀድዳ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፋዋለች። ፕላስተሩ በሙቀቱ እየለቀቀ አንዱ ጥግ ተንጠልጥሏል። ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፣ ውስጥ አምፖል በርቷል! "ወንድሜ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ እዚህ ሰው አይቀመጥም" አለችኝ። ውሏ ሲያልቅ ለቀቀች። ባለቤቱ ለመስታወቱ ብዙ ብር ከፍሏል፤ ተከራይዋ ደግሞ በካርቶን ዘጋችው።

መጋረጃ አያድንም። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ጥላ ከውጭ ነው መሠራት ያለበት። ድሬ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነው የምትውለው። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ለሚያይ መስኮት ከላይ ትንሽ ከለላ ቢወጣለት ይበቃዋል። ጠዋትና ከሰዓት ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ፊት ለፊት ትገባለች። ስለዚህ የህንፃውን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩት። ምዕራቡ ላይ ደረጃውን፣ መፀዳጃውን፣ መጋዘኑን አድርጉት። ቦታው አላስዞር ካለ በረንዳ አውጡለት፣ መስኮቱን አሳንሱት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ድሬ ከደረሰ በኋላ የተሠሩትን የከዚራ ሰፈር ቤቶች ሄዳችሁ እዩ። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በረንዳ፣ ደጃፉ ላይ ዛፍ። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ፀሐይዋን አይተው ነው።

"ኤሲ እንገጥማለን"

መብራት ሲጠፋስ? የማይከፈት መስታወት ያለው ህንፃ ኤሲው በቆመ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አያስቀምጥም። መጀመሪያ ህንፃውን በጥላና በንፋስ አቀዝቅዙት፤ ኤሲው ለቀረው ብቻ ይሥራ።

"ኤሌክትሪካችን ከውሃ ስለሆነ ብናባክነውም ችግር የለውም"

ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ መሆኑ እውነት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ግን ናፍጣ ነው የሚጠጣው።

"ሶላር ከተሰቀለ አረንጓዴ ሆነ"

አልሆነም። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ያወጣው ኤጅ የሚባል መለኪያ አለ። ህንፃው ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር በኃይል፣ በውሃ፣ በግንባታ ዕቃውም ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል። የምታባክነውን ሳትቀንስ ሶላር መስቀል ቀዳዳ ባልዲ ላይ ውሃ መጨመር ነው።

"ግቢው ሙሉ ሲሚንቶ ይሁን፣ ዛፍ መኪና ማቆሚያ ይሻማል"

ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። ድሬ ደግሞ የምትነግደው ማምሻውን ነው። ደንበኛ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው መኪናውን የሚያቆመው፤ ራሴም ሁለት መንገድ ዞሬ ጥላ እፈልጋለሁ። ዝናቡንም አስቡት። 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ ከ300 ካሬ ጣሪያ 6,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ማጠራቀሚያ ካለ መፀዳጃ ያጥባል፣ ዛፍ ያጠጣል። ከሌለ በሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ አስፋልት ይወጣል፣ ከጎረቤቱ ውሃ ጋር ተደምሮም ወደ አሸዋው፣ ማለትም ወደ ደረቁ የወንዝ መውረጃ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያ ጎርፍ ከደጋው የመጣ ነበር፤ ቢሆንም ያን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ከራሱ ግቢ ጎርፉ ላይ ውሃ መጨመር የለበትም።

ለደወለው ሰውዬ "ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ቦታው ላይ እንገናኝ" አልኩት። "በዚያ ሰዓት ማን ይወጣል?" አለኝ። ተከራዮቹ በዚያ ሰዓት እዚያው እንደሚቀመጡ ነገርኩት። እመጣለሁ ብሏል።