የሙቀት መሸሸጊያ ምንድን ነው?

በሰሜን አላስካ ከብሩክስ ተራሮች የሚወርደውን የኢቪሻክ ወንዝ በብርዱ ወራት ያየ ሰው ሕይወት ያለበት አይመስለውም። በአካባቢው ያሉት ጥልቀት የሌላቸው ጅረቶች እስከ ወለላቸው ድረስ በረዶ ሆነዋል። አልፎ አልፎ ግን ከመሬት ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ውሃው ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ስለሚሞቅ ወንዙ እዚያ ላይ አይዘጋም። ዶሊ ቫርደን የተባለው የሳልመን ዘመድ ዓሣ በሞቃቱ ወቅት ባሕር ዳር ሲመገብ ቆይቶ፣ ብርዱን የሚያሳልፈው እንዲህ ባለ ስፍራ ተጠጋግቶ ነው። እንቁላሉንም እዚሁ ጠጠር ውስጥ ይቀብራል። ጠጠሩ በረዶ ከሆነ የዚያ ዓመት ጫጩት የለም።

የሙቀት መሸሸጊያ ማለት ይህ ነው፦ የቀረው ውሃ ከዓሣው አቅም በላይ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ፣ ተስማሚ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ የወንዝ ክፍል።

እንዲህ ባለው የምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ አርክቲክ ውስጥ፣ «ሲሞቅ» ማለት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የነዚህ ዓሦች የሰውነት ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው ሲሞቅ ልባቸው ይፈጥናል፤ ምግብና ኦክሲጅን አብዝተው ይፈልጋሉ። ሙቅ ውሃ ደግሞ ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ ንጹሕ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሴልሲየስ በሊትር እስከ 14.6 ሚሊግራም ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 9 ገደማ ብቻ ነው። ዓሣው ስንጥቦቹን ቶሎ ቶሎ እያንቀሳቀሰ ቀዝቃዛ ውሃ ወደሚገባበት ጥግ ይሸሻል።

መሸሻ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ2019 ታይቷል። አላስካን ያልተለመደ ሙቀት በመታበት በዚያ ሐምሌ፣ የዩኮን ወንዝ ገባር በሆነው በኮዩኩክ ወንዝ እንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ ይጓዙ የነበሩ ቸም የተባሉ ሳልመኖች ሞተው ተገኙ። ሲከፈቱ እንቁላላቸው ገና ሆዳቸው ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ከባሕር መጥተው!

ሆኖም ሙቀት ሁሉ ጠላት አይደለም። የዶሊ ቫርደን ዘመድ የሆነው የአርክቲክ ቻር ፈጥኖ የሚያድገው በ15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ እንቁላሉ የሚፈልገው ከዚያ በእጅጉ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። አንዱ ዓሣ በዕድሜውና በወቅቱ የተለያየ ውሃ ስለሚያስፈልገው፣ በመካከል ያለው መንገድ ክፍት መሆን አለበት። እኔ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው እላለሁ። እዚያው ሰሜን አላስካ ባለው ኩፓሩክ ወንዝ ላይ የሚኖረው ግሬይሊንግ የተባለ ዓሣ ብርዱ ሳይደርስ ከወንዙ ራስጌ ወዳለው ሐይቅ ይወጣል። ዝናብ ባነሰበት ዓመት የወንዙ ክፍሎች ይደርቃሉ፤ ሐይቁ እንደ ወትሮው ውሃውን ይዞ እያለ ዓሣው መንገድ ላይ ይቀራል።