ስለ አሜሪካ የገበሬ ድጎማ የሚወራውና እውነታው

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ አምስት ሰዓት ያህል ብትነዱ ዊትማን ካውንቲ ትደርሳላችሁ። ፓሉስ የሚባለው ኮረብታ ሁሉ ስንዴ ለብሷል። ምስርና ሽምብራም እዚያው ይበቅላል። መንግሥት ለዚህ አገር ገበሬ ድጎማ ይከፍላል። እኛ ሐበሾች ቡና ላይ ስናወራው ግን ብዙ ነገር እናምታታለን።

«አትዝራ ተብሎ ይከፈለዋል»

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1933፣ በሩዝቬልት ጊዜ የወጣው ሕግ፣ ዋጋ እንዲያንሰራራ ሲል ከመሬቱ ከፊሉን ሳይዘራ ለተወ ገበሬ ይከፍል ነበር። ዛሬም አፈሩ የሚሸረሸር መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት ጦሙን እንዲያድር ኪራይ የሚከፍል ፕሮግራም አለ። እሱ ግን የአፈር ጥበቃ ነው። የሰብል ድጎማው ሌላ ነው።

«ብዙ ያመረተ ብዙ ያገኛል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ክፍያው የሚታሰበው ዘንድሮ በተዘራው አይደለም። መሬቱ ከዓመታት በፊት በተመዘገበለት ሰብልና ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) ነው።

በስሌት እንየው። አንድ ገበሬ 100 ኤከር የስንዴ መዝገብ አለው እንበል። የተመዘገበለት ምርት በኤከር 60 ቡሽል ነው (የስንዴ ቡሽል 27 ኪሎ ገደማ ነው)። ካሉት አማራጮች በዋጋ መውደቅ የሚከፍለውን መርጧል። እ.ኤ.አ. ለ2016 ምርት ሕጉ የያዘው መነሻ ዋጋ በቡሽል 5.50 ዶላር ነበር። የአገሪቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ግን 3.89 ሆነ። ልዩነቱ 1.61 ነው። ክፍያው ከ100 ኤከር በ85ቱ ብቻ ይታሰባል። 85ን በ60፣ ከዚያ በ1.61 ስታባዙት፣ ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳለት 8,211 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ የደረሰውም አዝመራው ከገባ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2017 ነው። የዘር፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዕዳ ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም።

በዚያ ዓመት ማሳው ላይ ምስር ዘርቶ ቢሆንስ? የስንዴው ክፍያ አይቀርበትም።

«ሁሉም ገበሬ ይደጎማል»

አይደለም። ስንዴ፣ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ጥጥ፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና መሰሎቻቸው ናቸው የሚካተቱት። እዚያው ዋሽንግተን ስቴት፣ ያኪማ ውስጥ ያለ የፖም ገበሬ ከዚህ ፕሮግራም አያገኝም።

«ገንዘቡ የአራሹ ነው»

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የሲሶ ውል ከእኛም አገር የምናውቀው ነገር ነው። ባለመሬቱ ከምርቱ ሲሶ የሚወስድ ከሆነ፣ ከድጎማውም ሲሶው የሱ ነው። ባለመሬቷ ከአባቷ የወረሰች፣ ከተማ የምትኖር፣ ትራክተር ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት ልትሆን ትችላለች። መሬቱ በጥሬ ገንዘብ ከተከራየ ቼኩ ለአራሹ ይወጣል። ግን ውሉ ሲታደስ ባለመሬቱ ስለ ድጎማው ያውቃልና ኪራዩን ይጨምራል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው መሬት የሌለው፣ ገና እርሻ የሚጀምር ወጣት ነው። እሱ የሚከራየው ድጎማው ታስቦበት በተወደደ ዋጋ ነው።

ለአንድ ሰው በዓመት የሚከፈለው ጣሪያ አለው። ለዓመታት 125,000 ዶላር ነበር። ወንድማማቾች በሽርክና ሲያርሱ ግን ጣሪያው ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ ትልቅ እርሻ ብዙም አይጨንቀውም።

«ድጎማው እየቀረ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረው፣ ዋጋ ወደቀም ተወደደም በየዓመቱ ይከፈል የነበረው ቋሚ ክፍያ ነው። በ2025 የወጣው ሕግ እንዲያውም የስንዴውን መነሻ ዋጋ ወደ 6.35 ዶላር፣ የአንድ ሰው ጣሪያውን ወደ 155,000 ዶላር ከፍ አድርጎታል። በመላ አገሪቱም እስከ 30 ሚሊዮን አዲስ ኤከር እንዲመዘገብ ፈቅዷል። ያ መዝገብ የሚያዘው በመሬቱ ስም ነው። ተከራዩ ሲለቅ ይዞት አይሄድም።