በተርሚናል ሰዓት ስለ መያዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሮ ሥራ ስጀምር ሰዓት የምይዘው በስልኬ ነበር። 25 ደቂቃ ልሞላ ስልኩን አነሣለሁ፤ መልእክቶች ተደርድረው ይጠብቁኛል፤ አንዱን ከፍቼ ሌላውን ሳስከትል ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። አሁን ሰዓት የምይዘው እዚያው የምሠራበት ኮምፒውተር ላይ፣ ተርሚናል በሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ነው። የሥራ ባልደረቦቼን ሳስተምር ደጋግመው የሚነሡ የተሳሳቱ ሐሳቦች ስላሉ እነሱን ልንገራችሁ።

«ይሄ የፕሮግራመሮች ነገር ነው።»

አይደለም። ሊኑክስና ማክ ላይ ስሊፕ የሚባል፣ የተሰጠውን ሰከንድ ያህል ጠብቆ የሚያበቃ ትእዛዝ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ ክፍተት ትቶ፣ 1500 ብሎ ኢንተር መጫን ነው። 1500 ሰከንድ 25 ደቂቃ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል የሚባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ስታርት-ስሊፕ የሚለውን ከዚሁ ቁጥር ጋር መጻፍ ይበቃል። ይህ ትእዛዝ ጊዜው ሲያልቅ ድምፅ አያሰማም፤ ስለዚህ ከኋላው ሰሚኮሎን (;) አድርጋችሁ ሌላ ትእዛዝ ታስከትላላችሁ። ማክ ላይ ሴይ የሚለው የሰጣችሁትን ቃል በድምፅ ያነብላችኋል፤ ብዙ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ ኖቲፋይ-ሴንድ የሚለው ማሳወቂያ ያወጣል። አንድ መስመር ነው። የሚወርድ ነገር የለም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

«ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል።»

አያዘገየውም። እየጠበቀ ያለ ትእዛዝ ፕሮሰሰሩን አይነካም ማለት ይቻላል፤ ሲስተሙ ጥግ አስይዞት ሰዓቱ ሲደርስ ይቀሰቅሰዋል።

«አንዴ ካስጀመርኩት ምንም ቢሆን ይቆጥራል።»

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው። መስኮቱን ዝቅ ማድረግ ችግር የለውም፤ መዝጋት ግን ሌላ ነው። ተርሚናሉ ሲዘጋ በውስጡ የተጀመረው ቆጠራም አብሮ ይቋረጣል። ተርሚናላችሁ ከመዘጋቱ በፊት የማያስጠነቅቅ ከሆነ ደወሉን እየጠበቃችሁ ሁለት ሰዓት ልትቀመጡ ትችላላችሁ። መስኮት የመዝጋት ልማድ ያለበት ሰው ሊኑክስ ወይም ማክ ላይ ቲመክስ (tmux) የሚባለውን ፕሮግራም ጭኖ በእሱ ውስጥ ቢያስጀምረው ይሻላል፤ መስኮቱ ቢዘጋም ቆጠራው ከኋላ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የኮምፒውተሩ እንቅልፍ ነው። ሊኑክስ ላይ 25 ደቂቃ አስጀምራችሁ፣ 10 ደቂቃ ሠርታችሁ ቡና ልትጠጡ ወጣችሁ እንበል። ኮምፒውተሩም በራሱ ለ20 ደቂቃ ተኛ። ስትመለሱ ጊዜው አልፎ አታገኙትም፤ የቀረውን 15 ደቂቃ ካቆመበት ይቀጥላል። ስሊፕ የሚተማመንበት የሲስተሙ ቆጣሪ በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚቆም ነው። በቁርጥ ሰዓት መነሣት ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ስብሰባ ያለበት፣ የማብቂያውን ሰዓት አስቀድሞ አስልቶ በየሰከንዱ ኮምፒውተሩ ከሚያሳየው ሰዓት ጋር የሚያመሳክር አጭር ስክሪፕት (ትእዛዞች የተደረደሩበት ፋይል) ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው መብራት መጥፋት ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ከጠፋ ቆጠራውም ጠፋ። ለዚህ እኔ የማደርገው ከማስጀመሬ በፊት የጀመርኩበትን ሰዓትና የምሠራውን ሥራ ፋይል ላይ መመዝገብ ነው፤ ዴት የሚለው ትእዛዝ ሰዓቱን ራሱ ይጽፍልኛል። መብራት ሲመለስ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ።

«25 ደቂቃ ካልሆነ ዘዴው አይሠራም።»

ይህ ቁጥር የመጣው ከጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች አቆጣጠር) የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ጥናት አልገባ ሲለው የቲማቲም ቅርጽ ያለው የወጥ ቤት ሰዓት ይዞ ራሱን ፈተነ። ዘዴው ፖሞዶሮ የተባለውም ለዚህ ነው፤ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት የሚለው ሥርዓት ከዚያ የወጣ ነው። እሱ ራሱ ግን መጀመሪያ የሞከረው 10 ደቂቃ ብቻ ነበር። ሒሳብ ሲዘጋ ወይም ጽሑፍ ሲተረጎም 25 ደቂቃ ላይ መቆረጥ ሐሳብ ያስጥላል፤ እኔ ለእንዲህ ያለው ሥራ 3000 እጽፋለሁ፣ 50 ደቂቃ። ሥራው ሲከብደኝና መጀመር ሲያቅተኝ ደግሞ 600።

«ቆጣሪው ትኩረት ይሰጠኛል።»

ቆጣሪው ምንም አይዘጋላችሁም። ብራውዘሩ ክፍት ነው፣ ስልኩም አጠገባችሁ ነው። የሚያደርግላችሁ ነገር ሰዓት ከማየት ማሳረፍ ነው፤ «ስንት ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ተቀብሎ ይይዝላችኋል። ለዚህ ነው በየሰከንዱ ቁጥር እየቀነሰ የሚያሳየውን ዓይነት የማልመክረው፤ ዓይን ወደ ቁጥሩ ይሄዳል። ከቆጣሪው ይልቅ የሚረዳው ከመጀመራችሁ በፊት የምትጽፉት መስመር ነው። «ሪፖርት» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የሪፖርቱ ሁለተኛ ክፍል፣ ሠንጠረዡ ብቻ» በሉ።

«የመዘገበው ሰዓት ተሳስቷል።»

ፋይሉን ስትከፍቱ 14:05 የሚል ታገኛላችሁ፤ እናንተ ግን የጀመራችሁት ከቀኑ 8:05 ላይ ነው። ስሕተት የለም። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ስድስት ሰዓት ስትቀንሱ የእኛ ይሆናል። ይህን ለማስተካከል ብለው የሰዓት ቀጠናውን የሚቀይሩ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት፤ የኢሜይሉም የቀጠሮውም ሰዓት ይዛባል። ቀጠናው አዲስ አበባ ላይ ይቆይ፣ ስድስቱን በማንበቢያው ጊዜ ቀንሱ።