አረምና አገር በቀል ዕፅዋት በሕግ ዓይን፦ ጎጃም

ለጎጃም ገበሬ አረም ሳይዘራ በቅሎ ከሰብሉ ጋር የሚሻማ ሁሉ ነው። ሕጉም የሚያየው የተክሉን ስም ሳይሆን ጉዳቱን ነው። ኢትዮጵያ የገባችበት ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት “ተባይ” ሲል ተባይ ነፍሳትንና በሽታን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ተክል የሚጎዳ ተክልንም ይጨምራል። በዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 መሠረት ከውጭ የሚገባ ዘርና ችግኝ የሚመረመረውም ለዚህ ነው።

መጤ መሆን ሌላ ጥያቄ ነው። በአዋጅ ቁጥር 98/1986 የጸደቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት፣ በአንቀጽ 8፣ አገር በቀሉን የሚያሰጉ መጤ ዝርያዎች እንዳይገቡ፣ የገቡትም እንዲገቱ ወይም እንዲጠፉ ያዛል። ጣናን የወረረው እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ዲከረንስ የሚባለው የአውስትራሊያ ግራርም መጤ ነው፤ የአዊ ገበሬ ግን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ዘርቶ ኋላ ከሰል ያከስለዋል፤ አረም የሚለው የለም።

ዛፎችን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከጥብቅ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ከዚያም አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተኩት። ሁሉም የደን ሕጎች ናቸው። የጮቄ ተራራ ጓሳ ሣርና ጅባራ ግን ደን አይባሉም፤ የገብስና የድንች ማሳ ሽቅብ እየወጣ ሲገፋቸው በስማቸው የሚቆምላቸው አንቀጽ ያስፈልጋቸዋል እላለሁ።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በመጭ ነው። መጭ በጤፍና በኑግ ማሳ ውስጥ የሚበቅል፣ በክረምቱ መውጫ አገሩን ቢጫ የሚያለብስ፣ ንብ የምትቀስመው አገር በቀል ተክል ነው። ገበሬው በወንፈል ይነቅለዋል። ይሁን እንጂ ኑግ የተላመደው ከዚሁ ከመጭ ዘመዶች ስለሆነ፣ ኑግን ለማሻሻል የሚፈለግ ባሕርይ በውስጡ ሊገኝ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዘረመል ሀብት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሰጥቷል፤ አንድ ተመራማሪ የመጭን ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይችልም። ያው አዋጅ የአካባቢው ማኅበረሰብ በልማድ የሚጠቀምበትንና እርስ በርሱ የሚለዋወጠውን አይነካም፤ ስለዚህ ገበሬው ማሳውን ለማረም ፈቃድ አይጠየቅም።