ጨጓራው ካነሰ በኋላ ማስታገሻ እንዴት ይወሰዳል?

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ቢኖር ትልቁ የአድቪል ብልቃጥ ነው። ለራስ ምታት፣ ለወገብ፣ ለወር አበባ ቁርጠት፣ ለጥርስ፣ ለሁሉም ይታደላል። «ምንም አይልም» ተብሎ። ለብዙ ሰው እውነትም ምንም አይልም። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ባይፓስ ላሠራ ሰው ግን ከቤቱ መድኃኒት ሁሉ አደገኛዋ እሷ ልትሆን ትችላለች።

ምክንያቱ እንዲገባን ሐኪሞቹ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ እንይ። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣና ቀሪው እንደ ሙዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1966 እ.ኤ.አ. ከጀመረው የመጣ ነው። በባይፓስ የጨጓራው አናት ለብቻው ተለይቶ ከአረቄ መለኪያ የማትበልጥ ከረጢት ይሠራል። ከዚያ ትንሹ አንጀት ከታች ይሳብና ከከረጢቷ ጋር ይሰፋል። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ስፌት ላይ ነው።

ጨጓራ የራሱን አሲድ የሚችልበት መከላከያ ሽፋን አለው። ተስቦ የመጣው አንጀት ግን አሲድ አለመደም። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን፣ አስፕሪንና የመሳሰሉት ደግሞ ህመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። ያንን መከላከያ ሽፋን የሚንከባከበውም ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ህመሙ ሲበርድ ጠባቂውም አብሮ ይነሳል። በዚህ መሃል ስፌቱ አካባቢ ይቆስላል። ቁስሉ ሊደማ፣ ከባሰም ሊበሳ ይችላል። መበሳት ማለት በሌሊት ኦፕሬሽን ክፍል መግባት ማለት ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አደጋው ይብስበታል። እኛ አገር በጣም የተለመደው የጨጓራ ባክቴሪያም፣ ማለትም ኤች ፓይሎሪ፣ ከአባባሾቹ አንዱ ስለሆነ ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገናው በፊት ይመረምሩታል።

ክፋቱ፣ የቁስለቱ ዋና ምልክት ራሱ ህመም ነው። ከእንብርት በላይ ያቃጥላል። ሰውየው አመመኝ ብሎ አይቡፕሮፌን ይውጣል፣ ቁስሉ ይብሳል፣ ደግሞ ይውጣል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትውከት ላይ ደም ከታየ ነገ አይባልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እኔ በአፌ አልወስድም፣ መርፌ ነው የምወጋው» በማለት ነው። የዳይክሎፌናክ መርፌ እኛ ጋ ለወገብም ለጠጠርም ይወጋል፤ ከጨጓራ ስላላለፈ ጨጓራ የማይነካ ይመስላል። ግን ፕሮስታግላንዲኑን የሚያስቀረው በደም ዞሮ ነው። በቂጥ ተወጋ፣ በፊንጢጣ ገባ፣ ስፌቱ ጋ መድረሱ አይቀርም። ከምግብ በኋላ መዋጥም እንደዚሁ አያድንም። የሚቀባው ጄል ይለያል፤ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ አንዳንድ ሐኪሞች ለጉልበት ይፈቅዱታል። ስሊቭ ላሠራ ሰው ደግሞ ከአንጀት ጋር የተሰፋ ነገር ስለሌለ አደጋው አነስ ይላል። አንዳንዱ ሐኪም ለጥቂት ቀን ይፈቅዳል፣ ሌላው ጭራሽ እንዳታስቡት ይላል። የሰፋውን ሐኪም መስማት ነው።

ስሙ ደግሞ እንደ አገሩ ይለዋወጣል። አድቪል፣ ሞትሪን፣ ኑሮፌን፣ ብሩፈን ሁሉም አይቡፕሮፌን ናቸው። አሌቭ ናፕሮክሰን ነው። ቮልታሬንና ዓረብ አገር በየፋርማሲው የምታገኙት ካታፍላም ዳይክሎፌናክ ናቸው። ኤክሴድሪን ውስጥ አስፕሪን አለ፤ በውሃ የሚሟሟው የዱሮው አልካ ሴልትዘር ውስጥም እንዲሁ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ትታችሁ ከጀርባ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ።

ታዲያ ምን ይዋጥ? የመጀመሪያው መልስ ፓራሲታሞል ነው። አሜሪካ ታይለኖል፣ ዓረብ አገር ፓናዶል፣ እስራኤል አካሞል ይሉታል። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓት ጣሪያው 4000 ሚሊግራም ነው። በባለ 500ው 8 ፍሬ ማለት ነው። ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገና በኋላ 3000 ላይ እንዲቆም ያደርጋሉ፣ ምክንያቱም ምግብ ያነሰው ሰውነት የፓራሲታሞልን መርዛማ ትርፍ የሚያጣራበት አቅም ይቀንሳል። ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሊታዘዝለት ይችላል። በየ6 ሰዓቱ ከተባለ የኛ ሰዓት ለዚህ ይመቻል፦ ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1፣ ሌሊት 7። ስልክ ላይ ደውል ሙሉና ተገላገሉ።

አደጋው ሳያውቁ መደረብ ነው። ጉንፋን ያዘኝ ብሎ በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ጠጥቷል፤ እንደ ዓይነቱ አንዱ ከረጢት ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ይይዛል። በላዩ ላይ ፓናዶሉን ሲጨምር ሂሳቡ ይፋለሳል። ጉበት ሲጎዳ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነጥለን እንያቸው። ቀዶ ጥገናው አሁን በአብዛኛው በላፓሮስኮፒ፣ በትናንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠራው። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። በማግስቱ ብዙ ሰው ሆዴን ሳይሆን ትከሻዬን ነው የሚያመኝ የሚለው ለዚህ ነው፤ ጋዙ ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ይቆጠቁጠዋል፣ ህመሙም ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህን ክኒን ብዙም አይመልሰውም። በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ማለት ይሻላል፣ በአንድ ሁለት ቀንም ይለቃል። ጥሩ ሆስፒታሎች ደግሞ በአንድ መድኃኒት አይመኩም። ቀዳዳዎቹ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፣ በደም ሥር ፓራሲታሞል ይሰጣል፣ የሞርፊን ዘር የሚመጣው ሌላው ሳይበቃ ሲቀር ነው።

ቤት ሲገቡ ትልልቅ ክኒን አይወርድም። ስለዚህ ሽሮፕ ይታዘዛል፣ ወይም ተፈጭቶ ይወሰዳል። ሽሮፕ ስኳር የበዛበት ከሆነ ባይፓስ ያሠራ ሰው ልቡ ሊመታ፣ ሊያልበው፣ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ፋርማሲስቱን ስኳር የሌለውን ጠይቁት። መፍጨትም ሁሉም ላይ አይሠራም። ቀስ እያለ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ከተፈጨ የቀኑ ሙሉ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ሳይፈጭ ቢዋጥም ችግር አለው፤ መንገዱ ስላጠረ ሳይሟሟ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሆድ ፈጥኖ የሚለቀው ዓይነት ይመረጣል።

ትራማዶልና ሞርፊንን የመሳሰሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ላይ ትንሽ ልቆይ። ክፉ ስማቸው ሰውን አስፈርቶ ሲያሰቃይ አይቻለሁ፣ እንደ ከረሜላ የሚቅማቸውም አይቻለሁ። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ ሞርፊን ከበፊቱ ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ ደም ውስጥ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠንም ይጨምራል። ውፍረት ያለበት ሰው ላይ ደግሞ በእንቅልፍ መሃል ትንፋሽ መቆራረጥ የተለመደ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሌሊት ያሰጋሉ። እንቅልፍ ላይ የሚደረገው የመተንፈሻ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ደከመኝ ብለው እነዚያን ሌሊቶች እንዳይዘሉ። ትራማዶል ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፣ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ መዘርዘር ያስፈልጋል። የሚያመጡት የሆድ ድርቀትም ቀላል አይደለም፤ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ ብቻ የሚጠጣ ሰው ላይ ይብሳል።

መጠጡም ተቀይሯል። ባይፓስ ያሠራ ሰው አንድ ብርሌ ጠጅ ከበፊቱ ፈጥኖና በርትቶ ይይዘዋል። ከጠንካራ ማስታገሻ ጋር ሲደመር ትንፋሽ ያዘገያል።

ማስታገሻ የማይነካቸው ህመሞችም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ህመሙ መቀነሱን ትቶ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ተቀምጠው ሳለ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላልና ክኒን ፍለጋ አይገባም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ የደም መርጋት ይጠረጠራል። ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ከምግብ በኋላ ሆድን ጠምዝዞ የሚይዝ ቁርጠት የአንጀት መጠለፍ ሊሆን ይችላል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠርም ይፈጠራል፤ እሱ በቀኝ ጎድን ሥር ይይዛል። እግር ሥር የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ስሜት ደግሞ ብዙ ጊዜ የቢ12 ወይም የቢ1 ቫይታሚን እጥረት ነው። በተለይ ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰው ቢ1 ቶሎ ካልተሰጠው ነርቩም አንጎሉም ይጎዳል። እንዲህ ያለውን እግር በፓራሲታሞል ማባበል ጊዜ ማባከን ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ይረሳል። ልብሱ ተለውጧል፣ ፎቶው ተለውጧል፣ ጠባሳዎቹ ጠፍተዋል። ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ሐኪሙ እንደ ልማዱ አይቡፕሮፌን ይጽፍለታል፣ እሱም የጨጓራው ነገር ትዝ አይለውም። ስፌቱ ግን እዚያው ነው። በሌላ በኩል ለልብ ብሎ በሐኪም ትእዛዝ ትንሿን አስፕሪን የሚወስድ ሰው ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም፤ ማቆሙ ሌላ አደጋ አለው፣ ብዙ ጊዜ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ታክሎበት ይቀጥላል። አንዲት የማውቃት ሴት ስልኳ ስክሪን ላይ «ባይፓስ አለኝ፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትስጡኝ» ብላ ጽፋለች። መጀመሪያ ስቄባት ነበር። በኋላ ታክሲ ውስጥ ራሷን ስታ ሰዎች ድንገተኛ ክፍል ሲያደርሷት ነርሷ መርፌ ከመቅዳቷ በፊት ያነበበችው ያንን ነው።